በከፋ ስለ ነበረው ጥንታዊ ክርስትና ቅሬት

በአውሮፓ በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት ይኖሩ የነበሩ መነኮሳይያት ገዳማቸው ቢፈርስም ሥፍራው አይጠፋም። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ድረስ ገዳማቱን ባስዘጋ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የድንጋዩ መሠረት ከሣር በታች ቀርቷል፤ ቆፋሪውም ቤተ ክርስቲያኑን ከመኝታ ቤቱ ለይቶ ይለካዋል። በዚህ ሚዛን ከፋን የሚመዝን ሰው ግን ምንም አልነበረም ብሎ ይመለሳል።

በአገራችን መነኮሳይያት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በየጎጆአቸው መኖራቸው የቆየ ልማድ ነው። ጎጆ ደግሞ በከፋ ዝናብና ጫካ ውስጥ ብዙ አይቈይም። ቤቱ ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከሣር የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የነገሥታቱ መቀመጫ የነበረችው አንድራቻ እንኳ በ1897 መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ እንደ ጎንደር ያለ ግንብ አልተረፈላትም። ጸንቶ የቀረው አገሩን ከጠላት ለመከላከል የተቈፈረው ጥልቅ ጉድባ ነው።

የከፋ ክርስትና መነሻ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (1563–1597) እንደ ሆነ ይነገራል፤ የባሃ ጊዮርጊስም ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዘመን እንደ ተተከለ በትውፊት ይወሳል። ኋላ እናርያ ስትወድቅ ወደ ሰሜን የሚያደርሰው መንገድ ተቈረጠ፤ ጳጳስም ሆነ መጽሐፍ በቀላሉ የሚደርስ አልሆነም። ይህም ሁሉ ሆኖ ካፑቺናዊው ጳጳስ ማሳያ በ1859 ወደ ከፋ በገቡ ጊዜ፣ ራሳቸውን ክርስቲያን የሚሉና ጾም የሚጾሙ ሰዎች አገኙ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ረዳት የተጠበቀ ጾም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፈረሰ ግንብ ያነሰ ምስክር አይደለም።

ይሁን እንጂ መሬቱም ፈጽሞ ዲዳ አይደለም። በኩማሊና በኮካ ዋሻዎች የተደረገው ቍፋሮ፣ ውጤቱ በ2010 በታተመ ጊዜ እንደ ታየው፣ ከመንግሥቱ እጅግ የቀደመ የሰው ኑሮ አሳይቷል። ዋሻ ከዝናብ ስለሚከልል ቅሬቱን ይጠብቃል፤ በሜዳ ላይ ግን የበሰበሰ ምሰሶ የሚተወው የአፈር ቀለም ብቻ ነው። ይህን ምልክት አንድ የመሠረት ቍፋሮ በግማሽ ቀን ያጠፋዋል። ስለዚህ በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ፣ ድንጋይ አልተገኘም ተብሎ ጥቁሩ አፈር ከመደፋቱ በፊት፣ የምሰሶ ጉድጓድና የምድጃ አመድ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በሥፍራው እንዲገኝ ያስፈልጋል።