የራሱን ወገን ዕዳ አስቀድሞ የቈጠረ ሰው

ኢዮቤልዩ የደስታ ዓመት ብቻ አይደለም፤ የሒሳብም ዓመት ነው። በኦሪት ሕግ እንደ ታዘዘው በ50ኛው ዓመት መለከት በተነፋ ጊዜ ባሪያው ነፃ ይወጣ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ይገባ ነበር። ስለዚህ ያን በዓል የሚያከብር ሰው ሁሉ፥ በእጁ የሚገኘውን የሌላውን ሰው ገንዘብ አስቀድሞ መቍጠር ነበረበት። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ኢዮቤልዩዋን ስታከብር፥ የታነጸውን ሕንፃና የተጠመቀውን ሕዝብ እንደምትቈጥር ሁሉ፥ ያልተከፈለውንም ዕዳ መቍጠር ይገባታል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ሰው በሕንድ አገር ተነሥቶ ነበር። ስሙ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በስሙ በተሰየመው በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ብዙ ሕፃናት ተወልደው፥ በ40 እና በ80 ቀናቸው ለክርስትና ቀርበዋል። ነገር ግን ስሙን የሚጠራው ብዙ ሲሆን ሥራውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ፥ ኋላ ሕዝቡ ማህተማ ማለት ታላቅ ነፍስ ብሎ የጠራው፥ በመስከረም ወር 1862 ዓ.ም. በምዕራብ ሕንድ በባሕር ዳር ባለችው በፖርባንዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ የዚያች ትንሽ ግዛት ዋና ሹም ነበረ፤ እናቱም ጾምና ጸሎት የምታዘወትር ሴት ነበረች። ወደ ሎንዶን ተሻግሮ ሕግ ከተማረ በኋላ በ1883 ዓ.ም. ጠበቃ ሆነ። በዚያም ሳለ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነብ፥ በማቴዎስ ወንጌል የሚገኘው የተራራው ስብከት ልቡን ነካው። እርሱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በአባቶቹ በሂንዱ ሃይማኖት ጸንቶ ኖረ፤ ይህንንም ሳይሰውሩ መናገር ይገባል።

በ1885 ዓ.ም. ስለ አንድ ነጋዴ ሙግት ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሄደ። የአንደኛ ማዕርግ ቲኬት ይዞ በባቡር ሲጓዝ፥ ሕንዳዊ ስለ ሆነ ወደ ኋለኛው ፉርጎ እንዲሄድ ታዘዘ፤ እንቢ ባለ ጊዜም በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ በሌሊት ገፍተው አወረዱት። በዚያ ብርድ ተቀምጦ ወደ አገሩ ይመለስ ወይም በዚያው ቀርቶ ስለ ወገኖቹ ይከራከር እንደ ሆነ ሲያወጣና ሲያወርድ አደረ፤ መቅረትንም መረጠ። በ1892 ዓ.ም. እንግሊዞችና ቦይሮች በተዋጉ ጊዜ፥ መብቱን ለነፈጉት ለእንግሊዞች 1,100 ያህል ሕንዳውያን ሰብስቦ ቍስለኞችን በቃሬዛ ያነሣ ነበር። ኋላም መንግሥት ሕንዳውያን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ የጣት አሻራ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ ባሰበ ጊዜ፥ መስከረም 1 ቀን 1899 ዓ.ም. በዮሐንስበርግ 3,000 ያህል ሰዎች ተሰብስበው፥ ለሕጉ ላለመታዘዝና ቅጣቱን ሁሉ ለመቀበል ማሉ። ይህን መንገድ ጋንዲ ሳትያግራሃ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም እውነትን አጽንቶ መያዝ ማለት ነው።

ነገር ግን የሰውዬው የራሱም ዕዳ ሊቈጠር ይገባል። በደቡብ አፍሪቃ በኖረበት በመጀመሪያው ዘመን፥ ስለ ሕንዳውያን መብት ሲከራከር የአገሩን ጥቍር ሕዝብ በንቀት የሚያነሣ ቃል ጽፎ ነበር። የራሱ ወገን የተናቀበትን ንቀት በሌላው ላይ መልሶ ማየት ተሳነው። እያደር ይህ አሳቡ ቢለወጥም፥ የተጻፈው ተጽፎ ቀርቷል፤ ጻድቅ ሆኖ የተወለደ ሳይሆን እየተሳሳተ የተማረ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በጥር ወር 1907 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ተመልሶ፥ በአሕመዳባድ ከተማ አጠገብ እንደ ገዳም ያለ የማኅበር ኑሮ አቋቋመ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ፥ በሂንዱዎች ዘንድ የማይነኩ ከሚባሉት፥ ከውኃ ጕድጓድ እንኳ ከሌላው ጋር ከማይቀዱት ወገን አንድ ቤተ ሰብ ልግባ አለ። እርሱም ተቀበላቸው። በዚህ ጊዜ ገንዘብ የሚረዱት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በማኅበሩ ውስጥም ማጕረምረም ሆነ። እርሱ ግን ገንዘቡ ቢያልቅ ሁሉም ወደ ድኾቹ ሰፈር ሄዶ በእጁ ሥራ እንዲኖር ቈረጠ እንጂ፥ የገቡትን አላስወጣም። እንግሊዝ ሕንዳዊውን ናቀ ብሎ የሚከስ ሰው፥ ሕንዳዊ ሕንዳዊውን ሲንቅ ዝም ሊል አይችልምና።

በሚያዝያ ወር 1909 ዓ.ም. ወደ ቻምፓራን ወረደ። በዚያ አገር ገበሬዎች ከእርሻቸው ከ20 እጅ 3ቱን እጅ ለባለ ርስቶቹ ለእንግሊዞች ኢንዲጎ የሚባለውን የሰማያዊ ቀለም ተክል እንዲተክሉ ይገደዱ ነበር። የአውራጃው ሹም ከአገር ውጣ ብሎ ቢያዝዘው አልወጣም፤ ፍርድ ቤት በቀረበም ጊዜ ጠበቃ ሆኖ ሳለ አንዳች አልተከራከረም፤ ትእዛዙን አውቆ እንደ ተላለፈና ቅጣቱን ሊቀበል እንደ ቀረበ ብቻ ተናገረ። መንግሥት በነገሩ ተቸግሮ ክሱን አነሣ። ከዚያ በኋላ የብዙ ገበሬዎችን ምስክርነት እያጣራ ጻፈ፤ በ1910 ዓ.ም. ያ ግዴታ በሕግ ተሻረ። እርሱም በድል ብቻ አልረካም፤ በመንደሮቹ ትምህርት ቤት አስከፈተ፥ ስለ ንጽሕናና ስለ ሕክምናም ረዳቶች አቆመ።

የሰውዬው እውነት ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው ግን በ1914 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ የእንግሊዝን መንግሥት በሥራም በትምህርትም በንግድም ላለመርዳት ተስማምቶ ከተነሣ ዓመት አልፎት ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች እጃቸውን ሳያነሡ ወደ ወኅኒ ገብተው ነበር፤ በባርዶሊ አውራጃም ግብር ያለመክፈል ሥራ ሊጀመር ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በጥር ወር መጨረሻ በሰሜን ሕንድ በቻውሪ ቻውራ ከተማ ፖሊሶች በሕዝቡ ላይ ተኰሱ፤ የተቈጣው ሕዝብም ጣቢያውን በእሳት አቃጥሎ ከ20 የሚበልጡ ፖሊሶችን ገደለ።

ይህን በሰማ ጊዜ ጋንዲ ሊመልስ የሚችለው ቃል ብዙ ነበር። ፖሊሶቹ አስቀድመው ተኵሰዋል፤ ነገሩም የሆነው እርሱ ከነበረበት እጅግ በራቀ ስፍራ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሚያዝያ 5 ቀን 1911 ዓ.ም. በአምሪትሳር የእንግሊዝ ጭፍራ መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ ተኵሶ፥ በመንግሥቱ ቍጥር እንኳ 379 ሰዎች ገድሎ ነበር። እርሱ ግን ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱን እንኳ አላቀረበም። በመላው አገር የተጀመረው ያለመታዘዝ ሥራ እንዲቆም አደረገ፤ ስለ ሞቱትም ፖሊሶች 5 ቀን ጾመ። ጓደኞቹ ጃዋሃርላል ኔህሩ ጭምር በወኅኒ ሆነው በሰሙ ጊዜ አዘኑ፥ ተቈጡም፤ ስለ አንድ ሩቅ መንደር ጥፋት የአገር ሁሉ ተስፋ ለምን ይቆማል አሉ። ጥያቄአቸው ቀላል አልነበረም፤ ሕንድ ነፃ የወጣችው ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ቈይታ ነውና፥ ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የጋንዲ አሳብ ግን ይህ ነበረ፤ በሰው ደም የተጀመረ ነፃነት ጌታ ይለውጣል እንጂ ባርነትን አያጠፋም።

ከአንድ ወር በኋላ መንግሥት ያዘው፤ መጋቢት 9 ቀን 1914 ዓ.ም. በአሕመዳባድ ለፍርድ ቀረበ። የተከሰሰው በጋዜጣው በጻፈው ነገር ሲሆን፥ በደለኛ ነኝ ብሎ አመነ፤ የቻውሪ ቻውራንም ደም ከራሱ ሊያወርድ እንደማይችል ተናገረ። ዳኛውንም ሕጉ መልካም ነው ብለህ ብታምን ከሁሉ የከበደውን ቅጣት ፍረድብኝ፥ ክፉ ነው ብለህ ብታምን ግን ሥራህን ልቀቅ አለው። ዳኛው ብሩምፊልድም በአክብሮት ተናግሮት 6 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ መንግሥት ይህን ቢቀንስለት ከእርሱ የበለጠ ደስ የሚለው እንደሌለም ጨመረ። በ1916 ዓ.ም. በታመመ ጊዜ ተፈታ።

ለሥራው ሕዝቡን ያዘጋጅ ዘንድ ብዙ ዓመት ታገሠ። በመጨረሻም መጋቢት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. ከ78 ባልንጀሮቹ ጋር ከአሕመዳባድ ተነሥቶ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ፤ መጋቢት 28 ቀንም በዳንዲ ባሕር ዳር ጨው አንሥቶ፥ ድኻውን ስለ ጨው የሚያስገብረውን ሕግ በዓለም ፊት ተላለፈ። በዚያ ዓመት ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ።

ነሐሴ 9 ቀን 1939 ዓ.ም. ሕንድ ነፃ ወጣች፤ ነገር ግን አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ሂንዱና እስላም ተፋጀ። ሽማግሌው ጋንዲ በነፃነቱ በዓል አልተገኘም፤ በካልካታ ከተማ በእስላም ቤት ተቀምጦ ስለ ዕርቅ ይለምን ነበር፤ በነሐሴ መጨረሻም ጾሞ የከተማይቱን ሽማግሎች አስታረቀ። በጥር ወር 1940 ዓ.ም. ደግሞ በዴልሂ ጾም ጀመረ። የሕንድ መንግሥት ለፓኪስታን ሊከፍል የሚገባውን 550 ሚሊዮን ሩፒ ስለ ካሽሚር ጠብ ይዞት ነበር፤ በጾሙ መካከል ሊከፍል ቈረጠ። ብዙ ሂንዱዎች ለጠላት አደላ ብለው ተቈጡበት። ጥር 21 ቀን፥ ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን የአስተርእዮ በዓል በምታከብርበት ዕለት፥ ወደ ማታ ጸሎት ሲሄድ አንድ የገዛ ሃይማኖቱ ሰው ተኵሶ ገደለው። ዕድሜውም 78 ዓመት ነበረ።

እነሆ፥ ይህ ሰው የባዕዱን መንግሥት ኀጢአት የሚቈጥርበት መዝገብ ነበረው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የራሱን ወገን መዝገብ ይገልጥ ነበር። ወዳጆቹ የከበዳቸው ጠላቶቹም የፈሩት ይህን ነው። ከካህኑ ፊት ለንስሐ የሚቀርብ ምእመን የጎረቤቱን በደል ሊናገር እንዳልመጣ ያውቃል። የደብር ኢዮቤልዩም እንዲሁ ነው፤ ከመለከቱ በፊት ዕዳው ይቈጠራል፤ ያስቀየመ የተቀየመውን ሄዶ ይፈልጋል፤ ከዚያም ከበሮው ይመታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።