የአርዲቦ ጭቃና የተማሪ ስንቅ

አርዲቦን ብዙ ሰው አያውቀውም። ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በተራሮች መካከል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ከታች ያለው ትልቁ ሐይቅ ገዳሙም፣ ከተማውም፣ አውራ ጎዳናውም ስላለው ዝናውን ጠቅልሎ ወስዶታል። አርዲቦ በአንቀርቀሃ ወንዝ በኩል ውሃውን ቁልቁል ወደ ጎረቤቱ እየላከ ዝም ብሎ ይኖራል። ዝም ይበል እንጂ ስለ ወሎ ደኖች ታሪክ አለ ከሚባሉት ጠንካራ ምስክሮች አንዱ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና መሐመድ ዑመር «ዘ ሆሎሲን» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ከአርዲቦና ከሐይቅ ወለል በቱቦ ጭቃ ቀድተው፣ በየንብርብሩ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ እየለዩ ቆጠሩ። የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ የዝግባና የጥድ ደኑ ተመንጥሮ ቦታውን ክትክታና ሣር ያዘው። እንዲያ ሆኖ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥዱና ወይራው እንደገና አንሠራራ። በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ ምንጠራውና የአፈር መታጠቡ ባሰ። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ በአያቶቻችን ዘመን ጠፋ» ለሚለው የተለመደ ወሬ የአርዲቦ ጭቃ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ደኑ ጠፍቶ ያውቃል፣ ተመልሶም ያውቃል።

ይህን ለማወቅ ጀልባ፣ ቱቦ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የንብርብሩን ዕድሜ የሚለካ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ወራት ቁጭ ብሎ ብናኝ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ይበላል፣ ቤት ይከራያል፣ ምናልባት ልጆችም አሉት። መሐመድ ዑመር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ መምህር ነበሩ፤ ላምብ ደግሞ በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው። የአርዲቦን ጭቃ ለማንበብ ዌልስ ድረስ የሚዘልቅ ገመድ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው፣ መልሱ ከእውቀት ይልቅ ስንቅ ላይ ነው ያለው። ከፍ ያለ ትምህርት የሚማረውን ሰው ማን ይቀልበዋል? ጥያቄው በዚሁ ሐይቅ ዳር ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡት በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። ያኔ ደሴት የነበረው ያ ቦታ በእርሳቸው ዘመን በዛሬ ቋንቋ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን አይደለም ወደዚያ የሚሄደው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሐይቅ ሲደርሱ የበሰሉ ሰው ነበሩ። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም ከዚሁ ቤት ወጡ። ትውፊት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1270 ዘውዱን የያዘው ይኩኖ አምላክም የሐይቅ ወዳጅ ነበር። የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የያዘው ከዚህ ዘመን ወዲህ ነው።

ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው፣ ከኢትዮጵያ ቀኑ ከታወቁ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ነው። በዚያ መጽሐፍ ባዶ ገጾችና ህዳጎች ላይ ምን ተጽፏል? የመሬት ስጦታ። የእገሌ አገር ለሐይቅ ይሁን፣ ይህን የነካ የተወገዘ ይሁን የሚል ዓይነት ማስታወሻ። የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ድጋፍ ሰነዶች ወንጌል ውስጥ ናቸው ማለት ነው። መሬቱ ጉልት ይሆናል፤ በላዩ የሚያርሰው ገበሬ ግብሩን ለገዳሙ ያስገባል፤ መነኩሴው ከዚያ በልቶ ብራና ይዳምጣል፣ ይጽፋል፣ ይተረጉማል። ስንቁ ከሰማይ አልወረደም፤ ከገበሬው ጎተራ ነው የተዛቀው። ገበሬውን ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ይህን ሳይናገሩ የሐይቅን ዘመን ማወደስ ግማሽ ታሪክ ነው።

ያም ሆኖ ያ ሥርዓት አንድ ነገር አድርጓል። የሚቀልበው መሬት እዚያው ስለነበረ፣ የተጻፈውም እዚያው ቀረ።

ጉልት የሚደርሰው ሁሉም ዘንድ አልነበረም። ቅኔ ፍለጋ ከወሎ ጎጃም፣ ዜማ ፍለጋ ወደ ጎንደር የሚሻገረው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ይቆም ነበር። ከየኔታ ጎጆ አጠገብ የራሱን ጎጆ ይቀልሳል፤ የለመነውን ይበላል፤ ውሻ ይነክሰዋል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ድረስ ለመዝለቅ የሃያ ዓመት ልመና የሚጠይቅ ትምህርት ነው። የተማሪው «ስኮላርሺፕ» የመንደሩ እናቶች እጅ ላይ ነበር። በራብ ዘመን ትምህርት ቤቱም አብሮ ይበተናል።

በአርዲቦ ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እዚያም ታሪኩ ያው ነው። ወሎ በዳና፣ በጀማ ንጉሥ፣ በጌታ በመሳሰሉት ማእከሎቹ የታወቀ የእስልምና ትምህርት አገር ነው። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ከሼህ ወደ ሼህ ይዞራል፤ ነሕውን እዚህ፣ ፊቅሁን እዚያ ይቀራል። የሚበላውን የሚያመጡለት ዘካና ሰደቃ ናቸው፤ እርሱም የሼሁን ማሳ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል። በኋላ የዚህን ዓለም ታሪክ አጥንተው «እስልምና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ወሎ» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉት ሁሴን አሕመድ ግን ዶክትሬታቸውን የሠሩት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ነው። ስለ ሐይቅ አበምኔቶች የጻፉት ታደሰ ታምራትም ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከለንደን ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት የራሳቸውን አገር የቤት ታሪክ ለማጥናት ባሕር መሻገራቸው የተለመደ መንገድ ነበር።

መንገዱ የተጠረገው በቤተ መንግሥት ነው። ራስ ተፈሪ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጣቶችን ወደ ውጭ ሲልኩ፣ በወሎ የተወለዱት መላኩ በያን አሜሪካ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው ወዲያው ተመለሱ፤ ጦርነቱም አብሯቸው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1940 ያረፉት እንደገና አሜሪካ ሄደው ለኢትዮጵያ ሲቀሰቅሱ ነው። በዚያ ዘመን የትምህርት ድጋፍ የንጉሥ ውለታ ነበር። ማመልከቻ ሳይሆን ደጅ ጥናት ይጠይቃል፤ ተመላሹም የሚያገለግለው ያስተማረውን ሰው ነው። ውለታው ከባድ ስለነበረ አብዛኛው ይመለስ ነበር፤ ተመልሶ ደግሞ የሚነቅፍም ነበር፤ የንጉሡን እንጀራ የበላው ትውልድ ነው ኋላ «መሬት ላራሹ» ያለው።

እ.ኤ.አ. በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አዲስ አበባ ሲከፈት ተማሪው በነፃ በልቶ በነፃ አደረ። ሁለተኛ ዲግሪ ግን አገር ውስጥ አልነበረም። ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በአሜሪካኖቹ በፖይንት ፎር ገንዘብና በኦክላሆማ መምህራን ሲቋቋም፣ ቦታቸውን የሚተኩት ኢትዮጵያውያን ለከፍተኛ ዲግሪ ወደ ኦክላሆማ ሄዱ። እርዳታውም፣ መምህሩም፣ የምርምሩ ርእስም ከአንድ ቋት ነበር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልቱን ነቀለው። ለገበሬው ትልቅ ቀን ነበር፤ ማንም ይህን መካድ የለበትም። ለሐይቅ ዓይነቱ ገዳም ግን ሊቃውንቱን ሲቀልብ የኖረው ሥር በአንድ ቀን ተቆረጠ፤ በቦታው የተተካ የትምህርት ገንዘብም አልመጣም። ደርግ የራሱን በር ከፈተ፤ ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ምሥራቅ በርሊን፣ ሃቫና። በዚያ በር የወጣው ሁሉ አልተመለሰም።

እ.ኤ.አ. በ1978 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። በዚያው ዓመት ቆሮሶ ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ወደ ሐይቅ ገባ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም፤ ኋላ ግን ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1970 ባክስተርና ጎሎቢች ስለ ሐይቁ ውሃ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራ፣ ዝናቡ ገብረ ማርያምና ዊሊያም ቴይለር ውሃው በአልጌ እየበለጸገ፣ እየለመለመ መምጣቱን ጻፉ። ለውጡን ማየት የቻሉት ቀድሞ የለካ ሰው ስለነበረ ነው። አንድ ጊዜ የተለካች ትንሽ ቁጥር ከሃያ ዓመት በኋላ ወርቅ ትሆናለች፤ ያንን የሚለካው ሰው ስንቅ አጥቶ ከቀረ ግን ክፍተቱን በኋላ በምንም ገንዘብ መሙላት አይቻልም። ያለፈ ክረምት አይለካም።

የአገር ውስጥ ድኅረ ምረቃ ሲጀመር ተማሪውን የቀለበው በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ «ግራጁዌት አሲስታንት» ተብሎ ይቀጠራል፤ ቆይቶ ለሁለተኛ ዲግሪ ይላካል፤ ደመወዙ አይቋረጥም። በምትኩ ዋስ ጠርቶ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል። የምርምሩን ወጪ፣ ማለትም ኬሚካሉን፣ መሣሪያውን፣ የመስክ ጉዞውን፣ በብዙ የሳይንስ ክፍሎች የደገፉት የስዊድኑ ሳሬክና የኡፕሳላው የሳይንስ ፕሮግራም፣ የጀርመኑ ዳአድ የመሳሰሉት ነበሩ። ስዊድኖቹ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ነገር በአማርኛ በቅጡ አልተጻፈም፤ አንድ ቀን ሊጻፍ ይገባዋል። ይሁንና ገንዘቡ የሚመጣው በፕሮጀክት ነው፣ ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ በየአካባቢው ተተከለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሲቋቋም፣ አርዲቦን የሚያጠና ተማሪ ከቤቱ አድሮ መመለስ የሚችልበት ዘመን መጣ። ነገሩ ደስ ይላል። የተማሪው ቁጥር ሲያድግ ግን ስንቁ አብሮ አላደገም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪውን ባለ ዕዳ አደረገው፤ ከደመወዙ እየተቆረጠ ካልከፈለ ዋናውን ዲግሪ አይወስድም። ያ ተመራቂ ማስተርስ ልማር ሲል ያልተከፈለ ዕዳ በጀርባው አለ። ቅዳሜና እሑድ ወይም በክረምት እየተማረ ክፍያውን ከራሱ ኪስ የሚያወጣው መምህርና የጤና ባለሙያ ብዙ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ንብረቱ ወደመ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ራስ ገዝነት ገባ፤ ራስ ገዝ ማለት በከፊል የራሱን ገቢ የሚፈልግ ማለት ነው።

የዛሬው ተማሪ በሮቹን ያውቃቸዋል፤ የመሥሪያ ቤት ስፖንሰር፣ የዳአድ የአገር ውስጥ ድጋፍ፣ ፉልብራይት፣ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የቻይና መንግሥት። የውጭዎቹ በሮች ለጎበዙ ልጅ በእርግጥ ክፍት ናቸው። የሚወስዱትም ግን ሰውየውን ነው፤ አርዲቦን ይዞ መሄድ አይቻልም፣ የሚወጣው ጭቃው ብቻ ነው። አገር ውስጥ የቀረው ደግሞ በደመወዙ ኮንትራት መኪና፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባና የናሙና ጠርሙስ ሊያስተካክል ይሞክራል። ሐይቅን ለማወቅ በየወሩ፣ በጋና ክረምት ሳይሉ መለካት ያስፈልጋል። በአሥራ ሁለት ጉዞ ፈንታ ሁለት ጉዞ የሚሄድ ተማሪ በጥር አንዴ፣ በነሐሴ አንዴ ውሃ ቀድቶ ይመለሳል። ተቆጣጣሪ መምህሩም ኪሱን ስለሚያውቅ ይፈርምለታል።

ከጥር እስከ ነሐሴ ያለው የአርዲቦ ውሃ በአንቀርቀሃ በኩል ወርዶ፣ ከገዳሙ በታች ካለው ሐይቅ ገብቷል።