የእግር ጅማትና የረዳት እጅ

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ማለዳ፣ በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት በምትገኘው በአትላንታ ከተማ፣ ፋጡማ ሮባ የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ፈጽማ ከአፍሪቃ ሴቶች ሁሉ አስቀድማ የኦሊምፒክን የማራቶን አክሊል በተቀዳጀች ማግስት፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ከ34 ማይክሮ ሲገባ፣ የአገሩ ሰው ያየው ድሉን ነበረ እንጂ ያ ድል በእግሩ ላይ ያደረሰውን ሕማም አልነበረም። የአትላንታው መሮጫ ለአጭር ርቀት ሯጮች ፍጥነት እንዲያመች ተብሎ እጅግ ጠንክሮ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ማይክል ጆንሰን 200 ሜትሩን በ19 ሰከንድ ከ32 ማይክሮ በሮጠበት በዚያው ወለል ላይ የኃይሌ እግር ውሃ ቋጥሮ ቆሰለና፣ ቀጥሎ ሊወዳደርበት ያሰበውን የ5,000 ሜትር ሩጫ ለመተው ተገደደ።

ሯጭ በእግሩ ጣቶች በኩል ምድርን ሲረግጥ የሰውነቱን ክብደት የሚሸከሙለት ባቱና ባቱን ከተረከዙ ጋር የሚያስተሳስረው ወፍራም ጅማት ናቸው፤ ወለሉ በጠነከረና ርቀቱ በረዘመ መጠን ባት ይጠጥራል፣ ጅማት ይከራል፣ ቁርጭምጭሚትም እንደ ልብ አልታጠፍ ይላል። ይህን የከረረ ጅማት ሰው ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ሊስበው ይችላል፤ ነገር ግን ቆሞ ሳለ ባቱ ሸክሙን ፈጽሞ ስለማይጥል፣ የጠለቀው መላላት የሚገኘው ሯጩ በጀርባው ተጋድሞ እግሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሲሰጥ፣ ያም ሰው በአንድ እጁ ተረከዙን ይዞ በሌላው የእግሩን መዳፍ ወደ ጉልበቱ አቅጣጫ በዝግታ ሲገፋለት ነው።

ይህ ሥራ በእኛ አገር የወጌሻ ሥራ ነው። ወጌሻ ከጥንት ጀምሮ ስብራት የሚጠግን፣ የወለቀውን የሚመልስ፣ ወለምታውን በቅቤ የሚያሽ የመንደር ባለሙያ ሲሆን፣ ጥበቡን ከአባት ወይም ከእናት እጅ የወረሰ እንጂ ከመጽሐፍ የተማረ አልነበረም፤ ስፖርት በአገራችን በተስፋፋ ጊዜም ይኸው ጥበብ አብሮ ወደ ስታዲዮም ገባ። የሯጮቹ ስም፣ የአሠልጣኛቸውም የዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ስም በክብር ተመዝግቦ ሲኖር፣ ከልምምድ በኋላ ተንበርክከው ባታቸውን ያሹላቸው የነበሩት ሰዎች ስም በታሪካችን መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ማጣቱ እኔን እጅግ ያሳዝነኛል። ባለ መድኃኒት የነበረው ወንጌላዊ ቅዱስ ሉቃስ እንኳ፣ በግብረ ሐዋርያት ስለዚያ በመቅደሱ ደጅ ይለምን ስለ ነበረው አንካሳ ሲጽፍ፣ ጴጥሮስ በቀኝ እጁ ይዞ እንዳነሣው፣ የጸናውም እግሩና ቁርጭምጭሚቱ እንደ ነበረ ለይቶ መናገርን አልዘነጋም። በመጻጉዕ ሰንበት የሚነበበውም ወንጌል፣ 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያዪቱ አጠገብ የተኛው ድኩም ያጣው ውሃውን ሳይሆን ወደ ውሃው የሚያወርደውን ሰው እንደ ነበረ ያስረዳናል።

መጠመቂያዪቱን የሚያስታውስ ስፍራ በጆርጂያም አለ። ከአትላንታ ወደ ደቡብ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዋርም ስፕሪንግስ በሚባለው መንደር ሙቀቱ 31 ዲግሪ ያህል የሆነ ምንጭ ከተራራ ሥር ይፈልቃል። (ከዚህ በኋላ ዓመታቱንና ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1921 በ39 ዓመቱ በፖሊዮ ተመትቶ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በ1924 ወደዚህ ምንጭ መጥቶ በውሃው ውስጥ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ቢቀለው፣ በ1926 ከገዛ ሀብቱ ከፍ ያለውን ክፍል አውጥቶ ስፍራውን ገዛው፤ በማግሥቱም ዓመት የሕሙማን መታከሚያ ድርጅት አቆመበት። ፖሊዮ እግርን ሲመታ ብዙ ጊዜ በቅልጥም ፊት ያለው ጡንቻ ይዝልና ባቱ ያለ ተቃዋሚ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ባት ተረከዝን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የእግር ጣቶች ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ፣ ጅማቱም ውሎ አድሮ በዚያው አጥሮ ስለሚቀር ሕመምተኛው ተረከዙን ምድር ማስረገጥ ይሳነዋል። ስለዚህ ሕመምተኛውን በውሃ ውስጥ በተተከለ ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙትና፣ ውሃው ክብደቱን ሲሸከምለት፣ ባለሙያዪቱ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ተረከዙን በእጇ ይዛ፣ ቁርጭምጭሚቱን በቀን በቀን ጥቂት በጥቂት ታጥፍለት ነበር። ሩዝቬልት ራሱ ከገንዳው ገብቶ ሌሎቹን ሕሙማን እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ሲያሳያቸው ይውል ስለ ነበረ፣ ሐኪም ሳይሆን ሐኪም ብለው ይጠሩት ነበር። ንጉሠ ነገሥታችን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየካቲት 1945 በግብፅ በመራራው ሐይቅ ላይ በመርከብ ያነጋገሩት እርሱን ነው፤ ከሁለት ወር በኋላም፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ በዚሁ በዋርም ስፕሪንግስ ዐረፈ።

ነገር ግን ያ ውሃ ለሁሉ አልነበረም። ዋርም ስፕሪንግስ የሚቀበለው ነጮችን ብቻ ስለ ነበረ፣ እግሩ የተሰናከለ ጥቁር ሕፃን በአትላንታ ቢወለድም እንኳ ወደ ምንጩ አይቀርብም ነበር፤ በ1941 ለጥቁሮች የሚሆን የፖሊዮ መታከሚያ የተከፈተው በሌላ ግዛት፣ በአላባማ፣ በቱስኪጊ ነው። የዋርም ስፕሪንግስን ታሪክ የሚያመሰግን ሁሉ ይህን ግፍ አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።

በረዳት እጅ እግርን የማንቀሳቀስ ሕክምና በሥርዐት ከተጻፈባቸው ስፍራዎች አንዱ በ1813 ፔር ሄንሪክ ሊንግ በስቶክሆልም ያቆመው የጂምናስቲክ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በአትላንታ የዮጋ አዳራሾች መምህሩ የደቀ መዝሙሩን ተረከዝ ወደ ምድር ሲጫን የምናየው ልማድ እንኳ፣ እንደ ማርክ ሲንግልተን ያሉ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ከህንድ ጥንታዊ ትውፊት ጋር የአውሮፓን ጂምናስቲክ የቀላቀለ ነው። ወደ እኛም አገር በ1946 ከሊንግ አገር ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን መጥቶ የክብር ዘበኛን ዕጩ መኮንኖች አሠለጠነ፤ የእርሱ ደቀ መዝሙር አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ከፈጸመ በኋላ፣ ሌሎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ፣ በሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ሲያፍታታ ዓለም ተደነቀ።

ያ ረዳት ያላስፈለገው እግር በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ዝሎ ቀረ። አበበ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ በሌሎች እጅ ሲታከም፣ በ1970 በዚያው በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1971ም በኖርዌይ በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አሸነፈ። የፓራሊምፒክ ጨዋታ የተወለደው ከዚያ ሆስፒታል ነው፤ በነሐሴ 1996ም፣ ኃይሌ የሮጠበት ኦሊምፒክ ከተፈጸመ 12 ቀን ያህል በኋላ፣ ከ3,000 የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች ያሉት ይኸው ጨዋታ በአትላንታ በዚያው ስታዲዮም ተከፈተ። ጨዋታው ወደ ከተማዪቱ እንዲመጣ ብዙ የደከመው በ1975 የተመሠረተው ሼፐርድ ሴንተር የተባለው ሆስፒታል ነበረ። እንዲህ ባለው ሆስፒታል አከርካሪው የተጎዳ ሰው የተረከዙ ጅማት እንዳይከር ባለሙያዎች በየቀኑ ቁርጭምጭሚቱን ያጥፉለታል፤ ወደ ቤቱ ከመመለሱም በፊት ሚስቱ፣ እናቱ ወይም ወንድሙ ተረከዙን በየትኛው እጅ እንደሚይዙና ምን ያህል እንደሚገፉ አብረው ተቀምጠው ይማራሉ።