አልለቅ ያለ ሳልና የባክቴሪያ ምሽግ

ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው ተጂ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ጨርሰው ድነዋል፤ ሳሉ ግን አልተዋቸውም። ጠዋት ጠዋት ወፍራም አክታ ያስላቸዋል። ትኩሳት ሲጨመርበት ልጅ ወደ መድኃኒት ቤት ይልካሉ፤ አሞክሳሲሊን ይመጣል። እሱ አልሠራ ሲል ሲፕሮፍሎክሳሲን ይተካል። ለሳምንት ይሻላቸዋል፤ ከዚያ ያው ነው። እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም «መድኃኒቱ ጀርሙን የሚገድል ከሆነ በሽታው ለምን ይመለሳል?» የሚለው ጥያቄ እረፍት ቢነሳኝ ጉዳዩን ሳገላብጥ ያገኘሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ባዮፊልም ምንድን ነው?

ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ የቡራዩና የሱሉታ ነዋሪ የሮቶውን ውስጥ ሲያጥብ እጁን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ያገኛል። ባልተፋቀ ጥርስ ላይ የሚለጠፈውም የዚያው ወገን ነው። ባክቴሪያዎች በአንድ ገጽ ላይ ወይም በአክታ ውስጥ ተሰባስበው፣ ራሳቸው ባመነጩት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው በማኅበር ሲኖሩ ባዮፊልም ይባላል። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጥርሱ ፍቆ በማጉያ መነጽር ያያቸው ረቂቅ ነፍሳት የዚህ ማኅበር አባላት ነበሩ። በሳንባ ሕመም ረገድ ደግሞ ዴንማርካዊው ኒልስ ሆይቢ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ የዘር በሽታ ባለባቸው ሕሙማን አክታ ውስጥ የባክቴሪያ ክምችቶችን አይቷል።

መድኃኒት ለምን ያቅተዋል?

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ዝልግልጉ ሽፋን አንዳንድ መድኃኒቶችን ያዘገያል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ክምችቱን መዋጥ ያቅታቸዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ኦክስጅንና ምግብ ያጠራቸው የውስጠኞቹ ባክቴሪያዎች እንደ ማንቀላፋት ማለታቸው ነው። አብዛኛው አንቲባዮቲክ የሚገድለው በመራባት ላይ ያለውን ነውና እነዚህን አያገኛቸውም። ሽፋን ውስጥ ያለን ባክቴሪያ ለመግደል በነፃነት ከሚንሳፈፈው ይልቅ መቶና ሺህ ጊዜ የሚበልጥ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል። ላቦራቶሪው የሚመረምረው በአብዛኛው ከሽፋኑ የወጣውን ስለሆነ፣ «ይሠራል» የተባለው መድኃኒት ሳንባ ውስጥ ላይሠራ ይችላል።

የአክስቴ ነገር ያኔ ገባኝ። በየጊዜው የሚሞቱት ወጣ ያሉት ናቸው፤ ምሽጉ ባለበት ይቆያል። መድኃኒት በተቀያየረ ቁጥር ደግሞ እውነተኛው የመድኃኒት መላመድም ይፈጠራል።

በእኛ አገር

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በአውሮፓውያን ዘንድ የሚበዛ በሽታ ነው። በእኛ አገር የሚያሳስበው ነቀርሳ ወይም በልጅነት የያዘ ከባድ የሳንባ ምች ጠባሳ ትቶ የአየር ቧንቧዎችን የሚያሰፋበት ሁኔታ ነው፤ ሐኪሞች ብሮንካይክታሲስ ይሉታል። በጤናማ ቧንቧ አክታን ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳሉ፤ አክታ ይጠራቀማል፤ ሱዶሞናስን የመሰለ ባክቴሪያ ጎጆውን ይቀልሳል። የማገዶ ጭስ ደግሞ የቧንቧዎቹን ጉዳት ያብሰዋል።

ምን ይደረግ?

አስቀድሞ ነቀርሳው ተመልሶ እንደሆነ በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ አክታን ማስመርመር ይገባል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ የነቀርሳን ምልክት ለጊዜው ሸፍነው ምርመራውን ሊያዘገዩ ስለሚችሉ በግምት መዋጥ አደገኛ ነው። ቀጥሎ የሳንባ ምስልና የአክታ ካልቸር ይመጣል። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ በውጤቱ ተመርጦ፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የሕክምናው ዋና ምሰሶ ግን በየቀኑ በአተነፋፈስ ልምምድ አክታን ማውጣት ነው። ሮቶ ሳይፋቅ መድኃኒት ቢጨመርበት ምን ይጠቅማል?

ማዘዣ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ላይ ነው። ነገር ግን ሻጩን ብቻ ብንወቅስ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ልጅ የምንልክ እኛ ነን፤ ለምርመራ ከተጂ አዲስ አበባ ድረስ መምጣትም ለአንድ አሮጊት ቀላል አይደለም።

አክስቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ነቀርሳ አልተገኘባቸውም፤ የቧንቧ መስፋት ግን ተገኘ። ዛሬ ጠዋትና ማታ አክታቸውን በሥርዓት ያወጣሉ፤ ከጭሱም ርቀዋል። ሳሉ ጨርሶ አልጠፋም። መድኃኒት ቤት ልጅ መላኩ ግን ቀርቷል።