ተለጣፊዋ ወረቀት

«መኪናው በራሱ ሄደ» የሚል ሹፌር ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን አናምነውም። «የእጅ ፍሬን ረስተህ ነው» እንለዋለን፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ ግን ይኸው ክርክር ዐሥርት ዓመታት ፈጅቷል። ታሪኩን ካነበብን ወዲህ እኛ ለሹፌሮቹ ማዳላት ጀምረናል።

በኦቶማቲክ መኪና «ፒ» የምትባለው የማቆሚያ ቦታ ናት። ማርሹ እዚያ ሲገባ ካምቢዮው ውስጥ ያለች አንዲት የብረት ምላስ ጥርስ ውስጥ ገብታ መኪናውን ትቆልፈዋለች። ከ«ፒ» ቀጥላ ያለችው ደግሞ «አር» ናት፣ የኋላ ማርሽ። ፎርድ ከ1966 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እስከ 1980 ድረስ በሠራቸው መኪኖች ላይ የቀረበው ስሞታ ማርሹ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል የሚል ነበር። ሹፌሩ «ፒ» ያስገባ ይመስለዋል። ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል፣ ምናልባት የግቢውን በር ሊከፍት። በሞተሩ ንዝረት ማርሹ ወደ «አር» ይንሸራተታል፤ መኪናው ያለ ሹፌር ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል... ከኋላ ማን ቆሟል?

በሰኔ 1980 የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጉድለት አለ የሚል የመጀመሪያ ውሳኔ ሰጠ። የደረሱት አቤቱታዎች ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸውን ይናገሩ ነበር። ፎርድ ግን ጥፋቱ የሹፌሮች ነው አለ። ለጥገና ይጠሩ ቢባል መኪኖቹ 23 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ እስከዚያ ከታየው ሪኮል ሁሉ ይበልጣል። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የካርተር መንግሥት ሻንጣውን እያሰረ ሳለ፣ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኒል ጎልድሽሚት ከኩባንያው ጋር ተስማሙ። ጋራዥ የሚገባ መኪና የለም። ፎርድ ለባለቤቶቹ ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት በፖስታ ይልካል፦ ማርሹ «ፒ» መግባቱን አረጋግጥ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሞተር አጥፋ።

ምክሩ ትክክል ነው፣ አንክድም። ግን ወረቀት ካምቢዮ አይጠግንም። ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው አደጋም «ነግረንህ ነበር» ማለት ቀላል ሆነ።

ከ36 ዓመት በኋላ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። ፊያት ክራይስለር በአንዳንድ ጂፕ፣ ዶጅና ክራይስለር መኪኖች ላይ የገጠመው የኤሌክትሮኒክ ማርሽ ተገፍቶ ሲለቀቅ ሁሌም ወደ መሐል ይመለሳል፤ «ፒ» መግባቱን እጅ አያውቅም፣ ዓይን ፊደሏን ካላየ በቀር። ኩባንያው በሚያዝያ 2016 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ጠራ። ጥገናው መኪናው ጋ ሳይደርስ በሰኔ 19 የ27 ዓመቱ ተዋናይ አንቶን የልቺን ሎስ አንጀለስ ቤቱ ደጃፍ ላይ በገዛ ጂፑ ተጨፍልቆ ሞተ። በ«ስታር ትሬክ» ፊልሞች ላይ ቼኮቭን ሆኖ የተወነው ልጅ ነው።

የተሠራው ጥገና አዲስ ሶፍትዌር ነበር፦ ሹፌሩ ረስቶ በሩን ከፍቶ ሊወርድ ሲል መኪናው ራሱ «ፒ» ይገባል።