ስለ ኤሌክትሮን መቀናጆ ትምህርት አመጣጥ

ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ በጊንጪ በኩል አምቦ የሚደርስ መንገደኛ ከምድር ውስጥ እየፈላ የሚወጣውን ውሃ ሳያይ አይመለስም። ይህ ውሃ ከ1930 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ኖሯል። ጠርሙሱ በተከፈተ ጊዜ እየተንተከተከ የሚወጣው ጋዝ ከአንድ የካርቦን አቶምና ከሁለት የኦክሲጅን አቶሞች የተገኘ ነው። እነዚህ ሦስቱ በምን ተያይዘው ይኖራሉ ቢሉ፥ ምሥጢሩ ከሊቃውንት ብዙ ዘመን ተሰውሮ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የስዊድን ሊቅ ቤርሴሊዩስ ነገር ከነገር የሚጣመረው ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላለው ነው ብሎ አስተማረ። በ1897 እንግሊዛዊው ቶምሰን ኤሌክትሮንን ባገኘ ጊዜ ይህ አሳብ ጸና፤ አንዱ አቶም ኤሌክትሮን ይሰጣል፥ ሌላው ይቀበላል፥ በዚህም ይሳሳባሉ ተባለ። በገበታ ጨው ይህ እውነት ነው፤ ሶዲየም ሰጪ፥ ክሎሪን ተቀባይ ነውና። ዳሩ ግን ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ሲጣመሩ በባሕርይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ታዲያ ሰጪው ማን፥ ተቀባዩ ማን ነው?

ይህን ቋጠሮ የፈታው በ1875 በአሜሪካ የተወለደው ጊልበርት ሉዊስ ነው። በ1902 በሃርቫርድ ሲያስተምር አቶምን ስምንት ማዕዘን ባለው ኩብ መስሎ፥ ኤሌክትሮኖቹን በየማዕዘኑ አኑሮ ሣለ፤ ሥዕሉን ግን ወዲያው አላሳተመውም። በ1912 ወደ ካሊፎርኒያ፥ ወደ በርክሌይ ሄደ። የሞለኪውሎችን ኤሌክትሮን ቢቈጥር ከጥቂቶች በቀር የሁሉም ቍጥር ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈል ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በሚያዝያ 1916 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ማሰሪያው ሁለት አቶሞች በጋራ የያዙት አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ነው ብሎ ገለጸ። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር ኮሰል የመስጠትንና የመቀበልን መንገድ አብራርቶ ጽፎ ነበር።

የሉዊስን ነገር የአምቦና የጉደር ገበሬ ቢሰማው እንግዳ አይሆንበትም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳልና፤ ሁለቱም በሬያቸውን ሳይሰጡ ሁለቱም ባለ ጥማድ ይሆናሉ። ነገር ግን ምሳሌው ከዚህ ይጎድላል፤ ጥማዱ ዛሬ በአንዱ ማሳ፥ ነገ በሌላው ማሳ ይውላል። ጥንዱ ኤሌክትሮን ግን በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ይቈጠራል፤ በቅኔ ቤት አንዲት የኅብር ቃል ለሰሙም ለወርቁም እንደምታገለግል ያለ ነው። በአምቦ ውሃ ጋዝ ካርቦን በውጭ በኩል 4፥ ሁለቱ ኦክሲጅኖች እያንዳንዳቸው 6 ኤሌክትሮን አላቸው፤ ድምሩ 16 ነው። ሦስቱም ስምንት ስምንት ይሻሉ፤ ይህም 24 ነው። ካርቦን ከእያንዳንዱ ኦክሲጅን ጋር ሁለት ሁለት ጥንድ በጋራ ሲይዝ፥ የጋራዎቹ 8 ኤሌክትሮኖች ሁለት ጊዜ ስለሚቈጠሩ ጉድለቱ ይሞላል።

የሚያስገርመው ግን ስለ መጋራት የሚናገረው ትምህርት ራሱ የባለቤትነት ቅሬታ ማስነሣቱ ነው። በ1919 ኢርቪንግ ላንግሙር የተባለ አንደበተ ርቱዕ ሊቅ ትምህርቱን አስፋፍቶ አስተማረ፤ ኮቫለንት የሚለውንም ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ትምህርቱን በላንግሙር ስም ጠሩት፤ ሉዊስም አዘነ። በ1923 አሳቡን በመጽሐፍ አጽንቶ አወጣ። በ1927 ሃይትለርና ሎንዶን ጥንዱ ስለ ምን እንደሚያስር በኳንተም ስሌት አስረዱ፤ ኩቡ ቀረ፥ ጥንዱ ጸና። ላንግሙር በ1932 በሌላ ሥራው የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ ሉዊስ ግን ብዙ ጊዜ ታጭቶ ሳያገኘው በ1946 በቤተ ሙከራው ሞተ። ሆኖም ሊነስ ፖሊንግ በ1939 ያሳተመውን ታላቅ መጽሐፍ መታሰቢያነቱን ለሉዊስ አደረገው።

ቅኔ ከአፍ ከወጣ በኋላ የሰሚው ሁሉ ሀብት ነው፤ ባለቤቱ ሳይጠራ ሲቀር ግን ዘራፊው ይበደላል። ዕውቀትም እንዲሁ ነው፤ ለሁሉ ቢዳረስ አይጎድልም፤ ያስገኘውን ሰው በስሙ መጥራት ግን የፍርድ ነገር ነው።