ከወሬው እስከ ዕቃው፦ ራምቦ በአንኮበር ደጃፍ

ነጋዴ ዕቃውን ከማድረሱ በፊት ወሬውን ያደርሳል። ይህ የጥንትም የዛሬም ልማድ ነው። ወሬው የደረሰው ገዢ ደግሞ «ትንሽ ልቆይና አዲሱን ልግዛ» ይላል፤ በእጁ ያለውን ይንቃል፤ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ይተክላል። ነገር ግን በወሬውና በዕቃው መካከል ያለው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም። በዚያ መካከል ዋጋ ይወድቃል፣ ሰው ይሞታል፣ ሕግ ይወጣል፤ አንዳንዴም ቤተ መንግሥት ከነጓዙ ከቦታው ይነሣል። ታዲያ የዚህን መካከለኛ ጊዜ ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዘመናችን ይህ ጥያቄ ጎልቶ የታየው በኮምፒውተር ገበያ ነው። አዳም ኦስቦርን የተባለ የኮምፒውተር መጻሕፍት ጸሐፊና አሳታሚ በ1981 ተሸክመውት የሚሄዱት ኮምፒውተር አሠርቶ በ1,795 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ 11 ኪሎ ግድም፣ ስክሪኑም 5 ኢንች ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ሰዉ ተሻማበት። በ1983 መጀመሪያ ላይ ግን ሰውዬው ገና ስላልወጣው የተሻለ ሞዴል ለጋዜጠኞች ማውራት ጀመረ። ወሬው ሲሰማ ቸርቻሪዎች የአሮጌውን ትእዛዝ ሰረዙ፤ አዲሱ ደግሞ ገና አልደረሰም። ኩባንያው በመጋዘኑ በተከማቸ ዕቃ ላይ ተቀምጦ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ አዲሱን ቀድሞ በማውራት አሮጌውን መግደል በሰውዬው ስም ይጠራል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን ኦስቦርንን የጣለው የራሱ አፍ ብቻ ሳይሆን ካይፕሮ የተባለው ተወዳዳሪው ጭምር ነው ይላሉ፤ እሱ 9 ኢንች ስክሪን ያለው ኮምፒውተር በተመሳሳይ ዋጋ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ነበርና። ይህችን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ካሊፎርኒያ ላይ አይቀርም፤ ወደ ሰሜን ሸዋ ይሄዳል። ምክንያቱም የኮምፒውተር ሻጮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተማሩትን የሸዋ ነገሥታትና የጠመንጃ ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንኮበር ተራራ ሥር ጨርሰውት ነበር።

የአያት ትምህርት

በ1841 ካፒቴን ዊልያም ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ከቦምቤ ተነሥቶ በታጁራ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ጠመንጃና መድፍ በእጅ መንሻነት አቀረበ፤ ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ከደብረ ብርሃን በማይርቀው አንጎለላ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በ1843 ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በበኩሉ ውል አስፈረመ። ንጉሡ ከሁሉ በላይ የፈለጉት መሣሪያና የእጅ ጥበብ ነበር። ይሁን እንጂ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ውል ተፈርሞ ከአንዱም የዘለቀ ንግድ አልተገኘም። ሃሪስ በ1843 ወደ መጣበት ተመለሰ። ሣህለ ሥላሴም ወረቀቱን ይዘው፣ ዕቃውን ሳያዩ፣ በ1847 አረፉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ የመጠበቁን ዕዳ የከፈለው ገዢው ነበር።

የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በዚያው በአንጎለላ በ1844 ተወለዱ። ጎልማሳ ሆነው ሸዋን ሲገዙ የአያታቸውን ስሕተት አልደገሙም። ከአንድ በር ብቻ መጠበቅን ተዉ። ከጣሊያን ጋር በአንቶኔሊ በኩል ተዋዋሉ፤ በሜይ 1883 አንኮበር ላይ የተፈረመው ውል የአሰብን መንገድ ከፈተ። ከፈረንሳውያን ነጋዴዎችም ጋር ለየብቻ ተነጋገሩ። ከስዊዘርላንድ የመጣው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ከ1879 ጀምሮ በአጠገባቸው ነበር። ክፍያው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ጠገራ ብር ነበር፤ ይህም በአብዛኛው በዘመቻ ከተያዘው የደቡብ አገር ግብር የሚመጣ መሆኑን መርሳት አይገባም። ጠመንጃው ግብር ያመጣል፤ ግብሩ ደግሞ ጠመንጃ ይገዛል።

የላባቱ ውል

አርተር ራምቦን የማያውቅ የሐረር ልጅ የለም፤ «ራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ቤት ስሙን ይዞ ቆሟል። ይህ ግጥምን በለጋ ዕድሜው ጽፎ የተወ ፈረንሳዊ በ1880 መጨረሻ ሐረር ገብቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ሠራ። በኦክቶበር 1885 ግን አሠሪውን ትቶ በሸዋ ከኖረው ነጋዴ ከፒዬር ላባቱ ጋር ተሻረከ። ሥራው ለምኒልክ ጠመንጃ ማቅረብ ነበር።

ሸቀጡ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነው። ጠመንጃው ባሩድና እርሳስ በአፈ ሙዙ የሚጎረስበት፣ አውሮፓ ከ40 ዓመት በፊት የጣለችው ዓይነት መሆኑን ራምቦ ራሱ ለቤተሰቦቹ ጽፏል። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ የሸዋ ንጉሥ ዘንድ ሲደርስ 40 ፍራንክ ግድም ይሸጣል። ትርፉ አምስት እጥፍ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ዕቃው በጊዜው ከደረሰ ብቻ ነበር።

ራምቦ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ሲሰፍር ብዙ የሚቆይ አልመሰለውም። መጀመሪያ የግመል ጉዳይ መጣ፤ ግመሉም መንገዱም የአፋሮች ነውና ያለ እነሱ ስምምነት አንድ ሸክም አይነሣም። በኤፕሪል 1886 ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ ጠረፍ መሣሪያ እንዳያልፍ ተስማሙና ጉዞው ታገደ። ሁለቱ ሸሪኮች ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ። ፈቃዱ ሲገኝ ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ አገሩ ተሳፍሮ ነበር፤ እዚያው ሞተ። ራምቦ ቅፍለቱን ከፖል ሶሌዬ ቅፍለት ጋር ለማጣመር አሰበ፤ ሶሌዬም በሴፕቴምበር 1886 ዓደን ላይ ድንገት ሞተ። በኦክቶበር ራምቦ ብቻውን ተነሣ። በደህና ጊዜ በግመል አንድ ወር ተኩል ግድም የሚወስደው በረሃ አራት ወር ያህል ፈጀበት። አንኮበር የደረሰው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1887፣ ማለትም ጥር 30 ቀን 1879 ዓ.ም. ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ይህን ታሪክ በዓይኑ ያነበዋል። እኔም ከዚያ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ደጋው በድንገት ይቆረጥና ቆላው እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል። ከታች የአልዩ አምባ ገበያ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የቅፍለቱ በረሃ ነው። ከባሕር የመጣ ነጋዴ ያን ሁሉ ሐሩር አቋርጦ፣ ያን አቀበት ወጥቶ፣ ብርዱ ሲቀበለው ምን ያስብ ይሆን? ራምቦን የተቀበለው ግን ከብርዱ ሌላ አንድ ዜና ነበር፤ ንጉሡ የሉም።

በእጅ ያለው

ምኒልክ ሐረር ዘምተው ነበር። በጃንዋሪ 1887 ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዪቱን ያዙ። ግብፆች ሐረርን በ1885 ሲለቁ ያስቀሩት መሣሪያም በእጃቸው ገባ። ራምቦ በዚያው ዓመት ለካይሮ ጋዜጣ እንደጻፈው፣ ንጉሡ እንጦጦ የገቡት የግብፅ መለከት እየተነፋ፣ ሁለት የክሩፕ መድፎች እያንዳንዳቸውን 80 ሰው ተሸክሟቸው ነው። አዎን፣ እንጦጦ ነው። ላባቱ የተዋዋለው አንኮበርን መናገሻ ካደረገው መንግሥት ጋር ነበር፤ መንግሥቱ ግን ቀስ በቀስ ወደ እንጦጦ ተዛውሯል፤ አዲስ አበባም መቆርቆር ጀምራለች። ውሉና ርክክቡ በተለያዩበት ጊዜ የገዢው አድራሻ ተለወጠ ማለት ነው። ራምቦ ዕቃውን እንደገና አስጭኖ ወደ እንጦጦ ሄደ።

እዚያ የጠበቀው ገበያ በ1885 ያሰበው ገበያ አልነበረም። ንጉሡ ከጣሊያን ሬሚንግተን አግኝተዋል። ሬሚንግተን ከኋላው የሚጎርስ ነው፤ አንዱ ወታደር ባሩድ በዘንግ ሲጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ይህን ያየ ገዢ ለአሮጌው 40 ፍራንክ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ምኒልክ ሸቀጡን በጅምላ፣ ባረከሱት ዋጋ ወሰዱት፤ ከዋጋውም ላይ የሟቹ የላባቱ ዕዳ ተቀነሰ። የሟቹ አበዳሪዎች ነን የሚሉም ራምቦን ከበቡት። በመጨረሻ የተሰጠው ሐረር ሄዶ ከመኮንን የሚቀበለው የ9,000 ብር ማዘዣ ነበር። ለፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ባቀረበው ሒሳብ ከዋናው ገንዘብ 60 በመቶ መክሰሩን ጽፏል፤ 21 ወር የፈጀውን ድካም ሳይጨምር። በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ 16,000 ፍራንክ ግድም ባንክ ማስገባቱም ይታወቃልና የኪሳራው ልክ እስካሁን ያከራክራል። ያም ሆነ ይህ፣ የተመኘው ሀብት አልተገኘም።

አሁን ወደ ኦስቦርንና ወደ ካይፕሮ እንመለስ። ሁለቱን ታሪክ የሚያገናኛቸው መዘግየቱ ብቻ አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ገዢው የዘገየውን የመዘነው በዚያን ሰዓት እጁ ላይ ባለው ነው። ለኦስቦርን የካይፕሮ ስክሪን የሆነውን፣ ለራምቦ ሬሚንግተንና የሐረር ምርኮ ሆነበት። ተስፋ የሚወዳደረው ከተስፋ ጋር ሳይሆን ከመደርደሪያው ዕቃ ጋር ነው። ዕዳውንም የሚከፍለው ገንዘቡን አስቀድሞ ያወጣው ነው። ራምቦ ጠመንጃውን ገዝቶ፣ ግመል ተከራይቶ፣ ወደኋላ የማይመለስበት በረሃ ውስጥ ነበር። ምኒልክ ግን ዕቃው ደጃቸው ሳይደርስ አንዲት ጠገራ ብር የማውጣት ግዴታ አልተሰማቸውም።

እርግጥ መዘግየት ሁልጊዜ ሻጩን አይጎዳም። ሻጩ እጅግ ትልቅ ከሆነ ወሬው ራሱ መሣሪያ ይሆንለታል። ኮንትሮል ዳታ የተባለው ኩባንያ የጊዜውን ፈጣን ኮምፒውተር ሲያወጣ አይ.ቢ.ኤም. በ1964 ከዚያ የሚስተካከል ማሽን እንደሚያመጣ አስታወቀ፤ ማሽኑ ደንበኛ ዘንድ የደረሰው በ1967 ነው። ገዢዎች በዚህ መካከል እጃቸውን ሰበሰቡ። ኮንትሮል ዳታ «የወረቀት ማሽን እያወራ ገበያዬን ዘጋ» ብሎ በ1968 ከሰሰ፤ በ1973 በስምምነት ሲጨርሱ አይ.ቢ.ኤም. ከበድ ያለ ካሣ ከፈለ። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስን በኖቬምበር 1983 አስታውቆ ያወጣው በኖቬምበር 1985 ነው፤ አልጠፋም፣ እንዲያውም ነገሠ። አይ.ቢ.ኤም. ግን ያን የመሰለ ወሬ ሊያወራ የቻለው ገዢው ሌላ በር ለማንኳኳት ስለፈራ ነው። ሣህለ ሥላሴ ዘንድም እንግሊዝና ፈረንሳይ እንዲሁ ነበሩ፤ የፈረሙትን ባያደርሱ የሚያስገድዳቸው አልነበረም።

በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የተለወጠው እንግዲህ ይህ ነው። የነጋዴው ቃል አልታመነም፤ መንገዱም አላጠረም፤ በረሃውም አልቀዘቀዘም። የተለወጠው የጠባቂው አኳኋን ነው። ሣህለ ሥላሴ ሁለት ውል ይዘው ዕቃውን ጠበቁ። ምኒልክ ግን አንዱን በታጁራ፣ አንዱን በአሰብ እያስመጡ፣ ሦስተኛውን በጦር ሐረር ሄደው አመጡ። የዚህ የመጨረሻው ዋጋ በጨለንቆ ሜዳ በሰው ሕይወት ተከፍሏልና ነጋዴ ከከሠረው ሁሉ ይበልጣል። ታጁራ ላይ ሲጠብቅ ዓመቱን የፈጀው ጠመንጃ ግን ሲደርስ እንደ ተናፋቂ ዕቃ አልተቆጠረም፤ ቀድሞት ከደረሰው ጎን ተደርድሮ ተለካ፤ በልኩም ተከፈለው።